ትርሲት ትዘጋ

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ትርሲት ላይ ግን ትናንት ከምሳ በኋላ የደረሰው፣ ለጠላት እንኳ አይስጥ፣ በሕልሟ ነው።

የዶክትሬት ጥናቷ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በኢንተርኔት እየተጠያየቁ ስለሚረዳዱበት መድረክ ነው፤ ጥያቄ ለምን መልስ አጥቶ ይቀራል ብላ ስትለፋ ኖረች። የመድረኩ ሰዎች አመላቸው ክፉ ነው። ቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ ካዩ ማንም እንዳይመልሰው ይዘጉታል፤ ያልጣማቸውን ደግሞ ቁልቁል የሚያመለክት ቀስት እየተጫኑ ነጥቡን ዝቅ ያደርጉታል። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ዲፌንስ፣ ጥናቷን በፈታኞች ፊት ማስረዳት፣ ነበረባት። ሰባት ሰዓት ላይ ታዲያ የጥናቱን ውጤት የሚያወጣላት ፕሮግራም "ስህተት" እያለ እምቢ አለ። ቢጨንቃት እዚያው መድረክ ላይ በቅጽል ስም ጥያቄዋን ለጠፈችና መልስ ስትጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለች።

በሕልሟ መልሶች ተሰልፈው ጥያቄ ይለምናሉ።

"እሜቴ፣ ስለ እግዜር አንድ ጥያቄ" አላት ከሲታው መልስ።

አዝናለት ልትጠይቀው ስትል ሁለት ኮምፒውተሮች ብብቷን ይዘው አዳራሽ አስገቧት። መልስ ሳያገኙ ያረጁ ጥያቄዎች ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። እዚያ አገር የሚጠናው ሰው ነው።

"ምን ሞክረሽ ነው የመጣሽው?" አለ ሰብሳቢው።

"ያልሞከርኩት የለም።"

"ይቺ ሴት ከዚህ በፊት ተወልዳለች። ትዘጋ።"

አንዱ ጣቱን ቁልቁል ባመለከተ ቁጥር መሬቱ ይውጣት ጀመር። ጉልበቷ ገባ፣ ወገቧ ገባ።

"እናቴን ጥሩልኝ፤ እሷ ታውቀኛለች" አለች።

እናቷ መጣች። ጎንበስ ብላ ፊቷን አየችው፣ አገላብጣም አየችው።

"ቁርጥ እሷን ትመስላለች" አለች። "የኔዋ ግን ያቻትላችሁ፣ ቀድማ የመጣችው።"

ትርሲት ዞር ብትል ሌላ ትርሲት ወንበር ላይ ተደላድላ ጣቷን ቁልቁል ቀስራለች። አፈሩ አገጯ ደረሰ። ልትጮህ ስትል አፏን ሞላው።

ባነነች። ላብ አጥምቋታል፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ስክሪኑ ላይ አንድ መልስ መጥቷል። ተመስገን ብላ ከፈተችው። የጻፉት አማካሪዋ ዶክተር ልሳነወርቅ ናቸው፣ በሙሉ ስማቸው።

"ወንድሜ፣ እኔንም ይኸው ስህተት ዓመት ሙሉ አስቸግሮኛል። መፍትሔ ካገኘህ እባክህ ቶሎ በለኝ፤ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪዬን ስለ እሱ ልጠይቃት ነው።"