ንግሥቲቱን ማን አጠገብ እናስቀምጣት?

በየሰፈሩ ቤቱ ሰው ጠርቶ የማያውቅ፣ በሐሳቡ ግን ድግሱ የማያባራ አንድ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቱ የሆነ ያውቀዋል፤ ያገባችው ደግሞ ይብስባታል። ልብስ ሰፊዋ አግብታዋለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ክቡርነታቸው ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው ይውሉና ማታ እራታቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከአሮጌ ጣሳ የጠርሙስ ቆርኪዎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ያፈሳሉ። እያንዳንዱ ቆርኪ አንድ የእራት እንግዳ ነው። ወርቃማዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስቃ የማታውቅ የጥንት ንግሥት ናት። የጎበጠው በዓለም ላይ መጀመሪያ ፈረስ የጋለበው ሰውዬ ነው። ዝገት የነካው ደግሞ ጨው መጀመሪያ ቀምሶ "ይሄ ነገር ምግብ ውስጥ ቢገባስ?" ያለው ነው። በሕይወት ያሉም አልቀሩም፤ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ መጨረሻ ወንበር ላይ ብቻዋን የምትስቀው ሴትዮ፣ ምን እንደሚያስቃት ለመጠየቅ ብቻ ተጠርታለች።

"ሰው ዝም ብሎ አይጋበዝም!" ይላል በየማታው። "ፈረሰኛው ንግሥቲቱ አጠገብ ቢቀመጥ ላብ ላብ ይሸታታል። ማን አጠገብ እናስቀምጣት?"

"አስብ፣ አስብ" ትለዋለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "ማሰብ እንደሆነ አይከፈልበትም።"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ሌላ ነው። እሱ ሲያወራ ጠባቧ ክፍል ቀስ እያለች ትሰፋለች፤ ግድግዳው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አምፖሉ ከፍ ይላል፣ ከውጭ የሚሰማው የመኪና ጥሩንባም እየራቀ ሄዶ ሙዚቃ ይመስላል። የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች፣ ይሄ ለንግሥቲቱ ትንሽ ያጥራታል ብላ ስታስብ ራሷን ታገኘዋለች። ወይ ጉድ! እብደቱ ይጋባል።

አንድ ጠዋት ሐሳብ ይዞት ሄዶ ፌርማታ አለፈ። "ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ! ሰውዬው ተኝቷል እንዴ?" ተሳፋሪው ተንጫጫ። "ይቅርታ" አለ በቅን ልቦና፣ "ጨው የቀመሰውን ሰውዬ የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ነው።" ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ከኋላው የሚቀመጥ ጠፋ።

የጎረቤታቸው የጡረተኛው መምህር ነገርማ አይነሳ። እሳቸውም አንድ ቆርኪ ነበሩ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ከአፉ ይቀማሉ ተብለው አንድ ማታ ከጠረጴዛው ተነሱ። ወሬው ደረሳቸው። አኮረፉ፣ ሰላምታ ነሱ። ልብስ ሰፊዋ አማላጅ ሆና ሄደች።

"ጋሼ፣ ድግሱ እኮ የለም!"

"ባይኖርስ? የከነከነኝ መነሳቴ ነው።"

በስንት ልመና በወጣትነቱ ከሞተ አንድ ኮከብ ቆጣሪ አጠገብ ቦታ ተሰጣቸው። በማግስቱ መጥተው አመሰገኑ፤ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን ለብሰው እንደሚመጡ ጠየቁ።

አንድ ማታ ታዲያ ስፌቷን ቀድማ ጨረሰችና ጠረጴዛውን ጠጋ ብላ አየችው። እንግዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመሐል መተላለፊያ ተትቶላቸው፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ተደርድረዋል። ክቡር ጋባዡ ብቻቸውን ከፊት ናቸው።

"እነዚህ ሰዎች ተሳፍረዋል እንዴ?" አለችው። "አንዱ የአንዱን ማጅራት እያየ ነው የሚበላው?"

ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሳቁ በረድ ሲል ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ እያየች ራሷን ፈለገች። "እኔስ?"

"አንቺ ምን?"

"እኔ የቱ ጋ ነኝ?"

እጁን ጣሳው ውስጥ ከተተ። ባዶ ነው። "አንቺማ... አንቺ እኮ ቤተኛ ነሽ። አንቺ ያው ኩሽና..." ቃሉን ራሱ ሰማውና ቆመ።

ሆድ ባሳት። ያን ሁሉ ማታ ወንበሯ መኖሩን ተጠራጥራ አታውቅም ነበር፤ መናገር የማያስፈልገው ነገር ነው ብላ ነበር ዝም ያለችው። ለጨው ቀማሽ ቦታ ነበረ፣ ለእሷ ግን አልነበረም።

አልተከራከራትም። "ክቡራን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የዛሬው ይቅር" እያለ እንግዶቹን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሳቸው። ንግሥቲቱም ሳትቀር። ከዚያ የራሱን ወንበር ከራስጌ አነሳና የእሷን እዚያ አደረገላት።

"ዛሬ ጋባዧ አንቺ ነሽ። ማንን ልጥራልሽ?"

ተወኝ እባክህ ልትለው ነበር። አፏ ቀደማት።

"እናቴን።"

"መልካም፣ እናትሽን..."

"ቆይ። ቁጭ ብላ የምትበላ ከሆነ ነው። እኔ እናቴ ስትበላ ያየኋት ቆማ ነው፤ የኩሽናው በር ላይ፣ ሳህኑን በእጇ ይዛ። 'እናንተ ብሉ፣ እኔ እደርሳለሁ' እንዳለች ሞተች።"

ሰውዬው ለንግሥቲቱ እንኳን ባላሳየው አክብሮት ብድግ አለ። ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር አምጥቶ፣ በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ከሚስቱ አጠገብ አኖረው።

"እማማ፣ ይቀመጡ" አለ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን አየችው። እንባዋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ለእናቷ ሳህን ልታመጣ ስትነሳ ትከሻዋን ያዛት።

"አንቺም ቁጭ በይ" አላትና እሱ ወደ ኩሽና ገባ። ሳህን የት እንደሚቀመጥ ስለማያውቅ ብዙ ቆየ፤ ሲያንኳኳ ሲያፈርስ ይሰማታል። የት እንዳለ አልነገረችውም። ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ጠበቀችው።