የፍትዊ ሁለተኛ ዙር

ሀገር በዕቅድ፣ እድርም በኮሚቴ ይቆማል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ ዶሮ ማነቂያ ወርዶ ፍትዊ ለሥራ ፈተና እንዴት እንደተዘጋጀ ይጠይቅ።

ፍትዊ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረ፣ ሲናገር የገዛ ጫማውን የሚያይ ወጣት ነው። ቀን ቀን ፒያሳ ከመኪና ላይ ሲሚንቶ ያወርዳል። ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆንም ወገቡ ግን ቀድሞት አርጅቷል። ስለዚህ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት «የሰነድ ዝውውር ሠራተኛ፣ ደረጃ አንድ» እፈልጋለሁ ብሎ ሲለጥፍ አመለከተ። ማዕረጉ ይርዘም እንጂ ሥራው ተላላኪነት ነው፤ ደብዳቤ ከፎቅ ወደ ፎቅ ማድረስ። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ነገር ጠየቁት።

«አምስት ፎቅ በእግርህ ትወጣለህ?»

«አዎ።»

«የቢሮ ቁጥር ታነባለህ?»

«አዎ።»

አለፈ። ለሁለተኛው ዙር ሐሙስ ና ተባለ።

ከሰፈሩ ሁለተኛ ዙር የደረሰ ሰው ታይቶ አይታወቅምና ጉዳዩ ለባለጉዳዩ የሚተው አልሆነም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረዮሐንስ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ስብሰባ መክፈት የሚችሉበት፣ መዝጋት ግን የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በዚያው ቀን ሰባት አባላት ያሉት ዐቢይ የዝግጅት ኮሚቴ አቋቋሙ። ዐቢይ ኮሚቴውም ወዲያው ንዑሳን ኮሚቴዎች ወለደ፤ የኮት፣ የአነጋገርና የአረማመድ። ፍትዊ በአንዱም አልተካተተም። የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ነው።

ልምምዱ ቦታ ስላስፈለገው የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ድንኳን ያየ መንገደኛ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም። ከአምስት ኪሎ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ማልቀስ ጀመሩ።

«እማማ፣ ልቅሶ አይደለም» አሏቸው የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ወይዘሮ አዳነች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ልጁ ሥራ ሊገባ ነው።»

አሮጊቷ ፍትዊን አዩት። በሰው ኮት ተውጦ፣ አንገቱን ደፍቶ መሀል ላይ ተቀምጧል።

«እግዜር ያጽናው» አሉና ልቅሷቸውን ቀጠሉ።

አቶ ገብረዮሐንስ ጠረጴዛውን መቱ። «ጥያቄ አንድ! ደብዳቤ ታደርሳለህ?»

«አዎ።»

ኮሚቴው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ልጄ፣ ‹አዎ› የመጀመሪያ ዙር መልስ ነው። በሁለተኛ ዙር ‹አዎ› ብሎ ያለፈ ሰው አላየሁም።»

«ግን እኮ አደርሳለሁ፣ ጋሼ።»

«ማድረስማ ነፋስም ያደርሳል! ራዕይህ ምንድን ነው?»

«እንዳይጠፋብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ይመዝገብ» አሉ አቶ ገብረዮሐንስ። «ራዕይ የለውም።»

«ኧረ አቶ ገብረዮሐንስ፣ ልጁን ይተዉት!» አሉ ወይዘሮ አዳነች። «ወረቀት ሊያደርስ ነው እንጂ ሊሾም ነው እንዴ?»

አስተያየታቸው ጠቃሚ ሆኖ ስለተገኘ ለቀጣዩ ዓመት ተላለፈ።

አቶ ገብረዮሐንስ ራሳቸው አራት ገጽ ንግግር ጻፉ። ፍትዊም ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ዳዊት ደገመው።

ሐሙስ ጠዋት ሰባቱም የኮሚቴ አባላት እስከ መሥሪያ ቤቱ በር አጅበው አደረሱት። ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል።

«ደብዳቤ ስንሰጥህ ምን ታደርጋለህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አደርሳለሁ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን በር ላይ የቆሙት ሰባቱ ትዝ አሉት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን ፈታኞች! ሰነድ የተቋም ደም፣ ደረጃም የደም ሥሩ ነው። ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወጣው ወረቀት ሳይሆን የትውልድ አደራ ነው...»

አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረ። ሲጨርስ ሦስቱም አጨበጨቡ።

«እንዲህ ያለ ሰው ደረጃ ለደረጃ ሲንከራተት ዝም ብለን አናይም» አሉ ሰብሳቢው። «አንተ መምራት ነው ያለብህ! ዲግሪህ በምንድን ነው?»

«ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ለኃላፊነት አነስክ» አሉ በሐዘን።

«እሺ፣ ተላላኪ ልሁን።»

«ለተላላኪነት ደግሞ በለጥክ።»

«ንግግሩን የጻፉልኝ ጎረቤቴ ናቸው! እኔ ማድረስ ብቻ ነው የምችለው።»

«ትሕትናም አለው!» ተባባሉ። ይህም ለተላላኪነት እንደማይመጥን ተጨማሪ ማስረጃ ሆኖ ተያዘበት።

ውሳኔው እዚያው ተጻፈ፤ «ለቦታው የሚመጥን አመልካች ባለመገኘቱ ማስታወቂያው በድጋሚ ይውጣ።» ማኅተሙ ግን አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ወረቀቱን የሚያደርስ ሰው ደግሞ የለም። ሰብሳቢው ዙሪያቸውን ቃኙና ወረቀቱን ለፍትዊ ዘረጉለት።

«እስቲ በሞቴ፣ ቢሮ ቁጥር አምስት መቶ ሦስት።»

ፍትዊ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለና ወጣ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ፣ የማኅተሙ ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ።

ሰብሳቢው አገላብጠው አዩት። ከዚያም ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው ራሳቸውን በቁጭት ነቀነቁ።

«አያችሁ?» አሉ። «እኛ ፈልገን ያጣነው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።»