ባና የለበሰችው ጀልባ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ከሆነ ነገሬ አይጠፋችሁም። ዕቃ የሚበላሸው ሲሠራበት ነው ብለን ስለምናምን፣ እንዳይበላሽ አንሠራበትም፤ በቃ! ወንበሩ ላስቲኩ ሳይላጥ ያረጃል። እኔም የዚህ እምነት ተከታይ ነበርኩ፤ ኧረ ቄሱ ብባልም አይበዛብኝ።

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ስሙን ባልጠራው ደስ በሚለኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ፣ የሆነ ፕሮጀክት «ከመስኖ ኩሬያችሁ ዓሣ አጥምዱበት» ብሎ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ ጀልባ ሰጠን። ሥራዋ ዓሣ የሚስብ ምግብ ተሸክማ ኩሬው መሐል ደፍታ መመለስ ነው። ፈርሜ ተረከብኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት አባቱ! ባለቤቴ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት፤ ሁለት ዓመት ተለያይተን ኖረናል። ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር ኃላፊው «እስቲ ግምገማው ይለፍ» ይሉኛል። ጀልባዋ አንድ ነገር ብትሆን አለቀልኝ።

ስለዚህ ተንከባከብኳት። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ሸማኔ ከበግ ጠጉር የሠሩትን ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ገዝቼ አለበስኳት። ከበስተኋላዋ የሚሽከረከረውን መቅዘፊያ በየሳምንቱ በባናው ጫፍ እወለውላለሁ፤ እንዳይዝግም እቀባዋለሁ። በፍስክ ቅቤ፣ በጾም የኑግ ዘይት። ምን ላድርግ፣ በሁዳዴ እጄን ቅቤ አላስነካም!

የግምገማው ዕለት የዞን እንግዶች ኩሬው ዳር ቆሙ። ጀልባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ነካች። ሪሞቱን ስጫነው ዐሥር እርምጃ ያህል ሄደች፣ አጉረመረመች፣ ቀጥ አለች። እኔም አብሬያት ቀጥ አልኩ። ለማየት የመጡት ጋሽ ተክሌ በፈረሳቸው ገብተው አወጧት። መቅዘፊያው ሥር ጣታቸውን ሰደው በቅቤ የተላቆጠ የበግ ጠጉር ጎትተው፣ ጎትተው አወጡና

«አዬ ልጄ! ያነቃት እኮ የእኔው ባና ነው» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የእንግዶቹ አለቃ ግን ጀልባዋን አገላብጠው አዩና «አንዲት ጭረት የላትም! እንዲህ ያለ ንብረት አያያዝ አይተን አናውቅም» አሉ። ለምን ቆመች ብሎ የጠየቀ የለም። ኃላፊያችን ደረታቸውን ነፍተው «እንዲህ ያለ ሰውማ አይለቀቅም» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ሽልማትም ተሰጠኝ፤ ባና።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ዝውውሩስ?» አለች።

«ሸለሙኝ» አልኳት። «ሰፊ ባና ነው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል።»



«እንግዲያው ከጀልባህ ጋር ልበሱት» ብላ ዘጋችው።