የትኛዋ አስቴር?

ስሙን ከነአያቱ ለማይነግረኝ ሰው ፋይል አልፈልግም። ጠባዬ ነው፤ አትፍረዱብኝ። ሶዶ ላይ መዝገብ ቤት የሠራ ያውቀዋል። አንድ ማርቆስ ስትፈልጉ አምስት ማርቆስ ይወጣላችኋል። አንዴ ከሁምቦ ተበላ የመጡ ሽማግሌ፣ የእኔን ስም የማያውቅ አለ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። አባቴ፣ ስምዎንማ እናውቃለን፤ ያላወቅነው የትኛው እንደሆኑ ነው አልኳቸው።

እንግዲህ እኔው በአርባ ዓመቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጅ ገባሁ። ለምን አትበሉኝ፤ ዲፕሎማ አማረኝ። ሌላው ትምህርት ምንም አላለኝ፤ ኬሚስትሪ ግን አንዴ ጣለኝ። ደግሜ ከወደቅኩ መሰናበት ነው። የሁለት ዓመት ቅዳሜዬን ውኃ በላው ማለት አይደል?

የሚገርመው፣ ትምህርቱ ስም ማውጣት ነው። ሜታሉ ቀድሞ በራሱ ስም ይጠራል፤ ኦክስጅን ከኋላ ይመጣና ኦክሳይድ ይባላል። ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማግኒዝየም ኦክሳይድ። ስምና የአባት ስም በሉት። ብረት ላይ ማለትም አይረን ላይ ስንደርስ ግን መምህራችን ጣቱን ቀሰረ። አይረን ከኦክስጅን ጋር የሚዋሐደው በአንድ መንገድ ብቻ ስላልሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሚል ቁጥር ካልተጨመረ የትኛው እንደሆነ አይለይም አለ። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። ይኼማ የአያት ስም ነው! ይኼን ለእኔ ታስተምራለህ?

ፈተናው ላይ አይረን ሦስት ኦክሳይድ መጻፍ ነበረብኝ። ምን ጻፍኩ? አይረን ኦክሳይድ። ቁጥር የለ፣ ምን የለ! ትዝ ያለኝ ወረቀቱን አስረክቤ ደጅ ስወጣ ነው።

ውጤት ተለጠፈ። አስቴር ማርቆስ ሰባ አንድ። ከሥሩ፣ አስቴር ማርቆስ አርባ ሦስት። እኔ የትኛዋ ነኝ? ሌላዋ አስቴር ከሃላሌ የመጣች ልጅ ናት፤ አጠገቤ ቆማለች። እትዬ፣ የእኔ የቱ ነው አለችኝ። እኔን ትጠይቀኛለች!

ተያይዘን መምህሩ ዘንድ ሄድን። ወረቀቶቹን ቢያወጣ፣ ሁለታችንም የአያት ስም አልጻፍንም፤ መታወቂያ ቁጥርም በድንጋጤ ረስተናል። እኔ የመዝገብ ቤቷ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለቱን አገላበጠና፣ አይረን ላይ ቁጥር ሳትጽፍ የቀረችው የትኛዋ ናት አለ።

በቃ፣ አለቀልኝ። አንገቴን ደፍቼ እጄን አወጣሁ። ልጅቷ ደግሞ፣ እኔስ ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ አለች፣ ኮራ ብላ።

ሰባ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። በቀይ፣ የትኛው አይረን? ብሎ አንድ ማርክ ቆርጦልኛል። እፎይ! ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ልጅቷ ስትወድቅ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ድጋሚ ትፈተናለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት እያስጠናኋት ነው።

ስማችሁን ሁልጊዜ ሙሉውን ጻፉ ብዬ ልመክራችሁ ነበር አነሣሤ። በየት አፌ? እኔን ያዳነኝ ሳልጽፈው የቀረሁት ቁጥር ነው።