የጋሽ እሸቴ ጉንጭ

ስለ በሽታው ከሐኪሙ በላይ የሚያውቅ በሽተኛ የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ሰፈሩ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ለእኛ ለደብረ ታቦሮቹ የደረሱን ልብስ ሰፊው ጋሽ እሸቴ ናቸው።

ክቡርነታቸው በሽታቸውን እንደ ሹመት ነው የያዙት። ጎንደር ተመርምረው ሲመለሱ "የሳንባ ነቀርሳ አይደለም፤ እሱማ ማንንም ይይዛል" አሉን። የእሳቸው፣ ሳንባ ውስጥ ጥቃቅን እባጭ የሚያወጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ሐኪሙ ራሱ መጽሐፍ ገልጦ ያገኘው ነው። ሳርኮይዶሲስ ይባላል። እኔ አስተማሪው ስሙን ለመያዝ ሳምንት ፈጀብኝ፤ እሳቸው እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ኪኒን ነው። በየማለዳው በአጥር ላይ ሪፖርት ይቀርብልኛል። "ጥቅሙን አልክድም፣ ጣጣውንም አልደብቅም" ብለው ይጀምራሉ። ጥቅሙ፣ ሳሉ ጠፍቷል፤ ገበያ ደርሰው ሳያርፉ ይመለሳሉ። ጣጣው ግን ትምህርት ቤት ያስረፍደኛል። እንቅልፍ የለም፣ ሆድ አይጠግብም፣ በትንሽ በትልቁ ቁጣ ነው፣ ፊት ያብጣል። በልብስ መለኪያው ሜትር አንገታቸውን ለክተው ቁጥሩን ይነግሩኛል። በዐቢይ ጾም የነፍስ አባታቸው ጠዋት እንዲበሉ ቢፈቅዱላቸው፣ ቄሱንም ስለ ኪኒንና ጨጓራ ግማሽ ሰዓት አስተማሯቸው።

ክፋቱ ዘመኑ ሰባ ሰባት ነበር። አገር ሲከሳ የጋሽ እሸቴ ጉንጭ ሞላ። "እህል ደብቆ ነው" የሚል ወሬ ተነሣና እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ቀርበው እንዲያስረዱ ተጠሩ።

ረቡዕ ሪፖርት የለም። ሐሙስም የለም። ስንት ዓመት ዝም ቢሉልኝ ብዬ ስመኝ የኖርኩ ሰውዬ፣ ዓርብ ዕለት ፈራሁና ቤታቸው ገባሁ።

"ኪኒኑን ከተወው አራት ቀኑ" አሉኝ ባለቤታቸው እቴ ፈንታነሽ። "ለእሑድ ፊቴ ይጉደልልኝ ብሎ።"

ጋሽ እሸቴ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተዋል። ፔዳሉን የሚረግጥ ጉልበት የላቸውም፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"በድንገት ማቆም እንደሚገድል የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም?" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፣ የኔታ። በሳንባ የሞተ ሰው ይለቀስለታል። የእህል ደባቂ ልጆች ግን በየት በኩል ቀና ብለው ይሄዳሉ?"

ጎረቤት ጠራሁ። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ኪኒኑን እዚያው አስጀመሯቸው። ስመለስ በኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ጥላ ተሳልኩ።

እሑድ በእሳቸው ፋንታ እኔ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ቀረብኩ። ጥቅሙን አልካድኩም፣ ጣጣውንም አልደበቅኩም። ከእንቅልፍ ማጣት ጀምሬ ጨጓራው ጋ ስደርስ ሊቀመንበሩ "ይበቃል፣ ጓድ መምህር፣ ገብቶናል" አሉ። ቤታቸው ተፈትሾ ከአንድ ቁና ገብስ በቀር ምንም ስላልተገኘ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ለሦስት ሳምንት በየማለዳው አጥሩ ጋ ቆሜ ጉንጫቸውን አየሁ። እንደዚያ ከስተው ሳያቸው ኪኒኑን ውጠው እንደሆነ እጠይቃለሁ። በአራተኛው ሳምንት ጥላውን ገዝቼ ኢየሱስ ሄድኩ።

የተቀበሉኝ ቄስ "ስለቱ ስለ ምን ነበር ልጄ?" አሉኝ።

"የጎረቤቴ ጉንጭ እንዲያብጥ ነበር፣ አባ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "አበጠ?"

"ተመስገን፣ በጣም ነው ያበጠው።"