«ዋናው» የተባለ ሁሉ ስለ ተንቀጠቀጠበት ጉዳይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።
ቦታ፦ የኤዲቲንግ ክፍል። አዳራሹ በተሰበሩ ወንበሮች ተይዟል።

የተገኙ፦
ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ።
ሁሉን በእጃቸው ስለሚሠሩ «ፍሬም በፍሬም» የሚባሉት አንጋፋ አኒሜተር።
የሽያጭ ሠራተኛው።
ቀመር የምትጽፈው ልጅ፣ ተከሳሽ።
እኔ ጸሐፊዋ፤ ድምፅ አልሰጥም፣ አልተጠየቅኩምም።

ካሜራማኑ አልተገኘም። ሆኖም ኮቱ ወንበሩ ላይ በመገኘቱ ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ሰብሳቢው አረጋግጠዋል።

አጀንዳ 1፦ የሆነው ምንድን ነው?

ልጅቷ እንድታስረዳ፣ እንዳታበዛም ታዘዘች። እንደ ገለጻዋ፣ ለለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ጠርሙሱ መንቀጥቀጥ ነበረበት። ሥዕሉን የያዘውን ሌየር በእጅ እየጎተቱ ከማንቀጥቀጥ ይልቅ አንድ መስመር ቀመር ሲጻፍበት ራሱን ያንቀጠቅጣል። ጠርሙሱ ብዙ ፋይል ውስጥ ስለነበረ፣ በጋራ ፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች እየከፈተ ቀመሩን የሚጽፍ ስክሪፕት አዘጋጅታ «ዋናው በሚባለው ሌየር ላይ ጻፍ» አለችው። እሱም ታዘዘ።

ነገር ግን በዚህ ቤት የራሱን ሌየር «ዋናው» ብሎ ያልሰየመ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ የፍራሽ ማስታወቂያው ፍራሽ፣ የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ፣ እንዲሁም ነገ ጠዋት በመታሰቢያቸው ላይ የሚታየው የአንድ ሟች ፎቶ አብረው ተንቀጥቅጠዋል። የሟቹን ፊልም ሻጩ ሳያየው ለባለቤታቸው ልኮታል። ሰብሳቢው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይጻፍ አዘዋል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ አንዴ የጻፍኩትን መሰረዝ አልወድም።

አጀንዳ 2፦ ዋናው ማን ነው?

ፍሬም በፍሬም እሳቸው እዚህ ቤት ሲገቡ አሁን የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ገና እንዳልተወለደ አስታውሰው፣ ስሙ ለሳቸው ሌየር ብቻ እንዲፈቀድ ጠየቁ። ሻጩ ደንበኛ የሚያመጣ እሱ ስለሆነ ዋናው እሱ ነው አለ። ሌየር እንደሌለው ሲነገረው አንድ እንዲሠራለት አመለከተ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሲገልጡ ዋናው እሳቸው ሆነው ተገኙ።

ከረጅም ውይይት በኋላ «ዋናው» የሰብሳቢው እንዲሆን፣ ሌሎቹ «ምክትል ዋናው» እና «ተለዋጭ ዋናው» እንዲባሉ ተወሰነ። ለኮቱም «ተጠባባቂ ዋናው» ተመድቦለታል።

አጀንዳ 3፦ ቅጣት

ሻጩ ለስክሪፕቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ፍሬም በፍሬም ደብዳቤውን ማን ፈርሞ ይቀበላል ሲሉ ሐሳቡ ወደቀ። ፈርማ መቀበል የምትችል ልጅቷ ብቻ ስለሆነች፣ የስንብት ደብዳቤ እንዲደርሳት ተጠየቀ።

ልጅቷ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ሌየሮቹን በየራሳቸው ስም ሰይሙ ብዬ ስንቴ ለመንኳችሁ? አሁን ማታ ገብቼ እናቴን ምን ልበላት?»

ሦስት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፤ ኮቱ ድምፀ ተዓቅቦ። ልጅቷ ከነገ ጀምሮ እንድትሰናበት ተወሰነ።

ልዩ ልዩ ጉዳዮች

በዚህ መሐል የሟቹ ባለቤት ሳያንኳኩ ገቡ። ሁሉም ተነሣ። ሰብሳቢው ይቅርታ ጠይቀው፣ ጥፋተኛዋ መባረሯን ገለጹላቸው።

«የምን ጥፋተኛ?» አሉ ሴትዮዋ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሶፋው ላስነሣው ስታገል ሞተብኝ። ይኸው ተነሣ። ማን ነው ያስነሣልኝ?»

ፍሬም በፍሬም አንድ በአንድ በእጃቸው እንደሠሩት ተናገሩ። ሻጩ ሐሳቡ የእሱ መሆኑን አስረዳ። ሰብሳቢው ይህ ሁሉ በአመራራቸው የተገኘ ውጤት እንደሆነ ገለጹ። ጸሐፊዋ በእስክሪብቶዋ ወደ ልጅቷ ጠቁማለች።

«እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሴትዮዋ። «ወንድሞቹንም ጨምሪልኝ። ለቀብሩ እንኳ አልተነቃነቁም።»

ልጅቷ መባረሯን ብታስታውሳቸው፣ «እንግዲያው እስኪመልሱሽ እጠብቃለሁ» ብለው ባገኙት ወንበር ተቀመጡ። ወንበሩ የኮቱ ነበር።

ሰብሳቢው የተወሰነ ነገር በዋዛ እንደማይሻር፣ ደንብ ደንብ መሆኑን በማስረዳት ላይ ሳሉ ካሜራማኑ ገባ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቆ ኮቱን ከሥራቸው ስቦ አወጣ፤ ምን እንደተወሰነ ሳይጠይቅ ለብሶት ሄደ።

ጸሐፊዋ ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን አሳስባለች። ሰብሳቢው ኮቱ የወጣበትን በር ተመለከቱ፤ ከዚያም ሴትዮዋን።

የሚከተለውም ተወሰነ፦ ጉባኤው የቆመው በኮቱ በመሆኑ፣ ኮቱም በመውጣቱ፣ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ማንም ሌየሩን እንደ ፊቱ «ዋናው» ማለት ይችላል። የሟቹ ፎቶ እንደተንቀጠቀጠ ይቆያል፣ ወንድሞቹም ይጨመራሉ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል። የልጅቷ ስንብት ከኮቱ ጋር ወጥቷል።