የጋሼ ይማም ሰባት የጎልፍ ዱላዎች

መርካቶ ውስጥ «አላውቅም» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አድራሻ ብትጠይቁ አብጠርጥሮ የሚነግራችሁ የማያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀውማ ሥራ ላይ ነው። ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ይህን በሽታ በሌሎች ላይ ስታዘብ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እኔንም ያዘኝ።

ጋሼ ይማም አከራዬ ናቸው። የወሎ ሰው፣ ብርድ ልብስ አከፋፋይ፣ የማይቆጡ ግን የማይረሱ። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያቸው፣ በሁለት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። በዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቤት የተከራየ ሰው በቅርስነት ሊመዘገብ ይገባዋል። ስለዚህ ማስቀየም የማልፈልገው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ አለቃዬን እንኳ አልፎ አልፎ አስቀይማለሁ።

እሳቸው ታዲያ በስተርጅና ጎልፍ ጀመሩ። ጀመሩ ስል ዱላውን ገዙ ማለቴ ነው። ትልልቅ ነጋዴዎች ጉዳያቸውን የሚጨርሱት ቢሮ ሳይሆን ሣር ላይ ነው የሚል ወሬ ሰምተው፣ አገር ለቆ ከሄደ ፈረንጅ የተረፈ ሰባት የብረት ዱላ ከነቦርሳው አስመጡ። ለቅዳሜ ሳምንትም ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ሊጫወቱ ተቀጠሩ። ችግሩ፣ ዱላዎቹ የተለበጡበት የሚያብረቀርቅ ክሮም ተላልጦ ከሥሩ ዝገት ብቅ ብቅ ብሏል። ይህን ይዤ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ ብለው አጫወቱኝ።

መፍትሔ ስጥ ብሎ የጠየቀኝ አለ? የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ የለ? ክሮሙ እቤት ውስጥ ይነሳል፣ ብረቱ ይወለወላል፣ እንዲያውም ከአዲሱ ይበልጣል አልኳቸው። ከብረት ጋር ያለኝ ትውውቅ አንድ ጊዜ ስለ ብረት ዋጋ መዘገቤ ብቻ ነው። «አብሽር፣ አንተ ካልክማ» ብለው ቦርሳውን በሬ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቪዲዮ አየሁ። የቪዲዮው ሰው ጓንት አጥልቆ፣ ሰፊ ጋራዥ ውስጥ፣ እያፏጨ ይሠራል። እኔ የነበረኝ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ጥቂት ጠርሙስ አቼቶና ብርጭቆ ወረቀት ነው። የሰባቱንም ራስ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ግቢው ለሁለት ቀን ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ዝገቱ ለቀቀ፤ ያልተላለጠው ክሮም ግን ንቅንቅ አላለም። ክሮም ከብረቱ ይልቅ ጠንካራ መሆኑን ያረጋገጥኩት በጣቶቼ ቆዳ ነው። ሦስት ቀን ፈተግኩ። በመጨረሻ ሁሉም ራቁታቸውን ወጡ፣ ንጹሕና ግራጫ። በራሴ ተደንቄ ተኛሁ።

ጠዋት ሰባቱም ቡናማ ሆነው ጠበቁኝ። ቀድሞ ነጥብ ነጥብ የነበረው ዝገት አሁን ሙሉ ልብስ ሆኖላቸዋል። ለካ አቼቶውን በሶዳ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት ያስፈልግ ኖሯል። ይህ የተነገረው በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ነው። የእኔ የኢንተርኔት ጥቅል ያለቀው ደግሞ ከመጨረሻው ሦስት ደቂቃ በፊት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዱላዎቹን በጆንያ ጠቅልዬ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚያወጣ፣ ኸይሩ የሚባል እጁ የተመሰከረለት ብረት ሠራተኛ አገኘሁ። ክሮም የሚነክሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ዓርብ ና አለኝ። ዱላዎቹ ለምን እንደሚያገለግሉ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ዓርብ ስመለስ ሰባቱ ግድግዳው ላይ ተደርድረው እንደ መስታወት ያበራሉ። ፊቴን አየሁባቸው። ያሳሰበኝ በሰባቱም ላይ ፊቴን በአንድ ዓይነት ማየቴ ነው። ምን እንዳደረጋቸው ጠየቅሁት።

«አስተካከልኳቸዋ» አለ። «ወንድሜ፣ ይህን የሠራው ሰው ግን ጤነኛ ነው? አንዱ ቀና፣ አንዱ ጋደል፣ አንዱ ጭራሽ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሞርሳ ላይ አስሬ ሁሉንም እኩል ቀና አደረግኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረውንም ጭረት ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁልህ።»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ የዱላዎቹ ፊት የሚጋደለው ሆን ተብሎ ነው። አንዱ ኳሷን ሩቅ ይልካል፣ ሌላው ሽቅብ ያነሳታል። ጭረቱም ኳሷን ለማሾር የተበጀ ነው። ኸይሩ ሰባት ዱላ ወስዶ አንድ ዱላ ሰባት ጊዜ መለሰልኝ። ይህንኑ ሳስረዳው በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «ታዲያ አንዱን ይዞ እጅን ማጋደል አይቀልም?» አለ።

ለጋሼ ይማም እውነቱን ልንገራቸው? ሐቅ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሐቅ ቤት አያከራይም። ቦርሳውን አስረከብኩ። «ማሻአላህ» አሉ። ቅዳሜን ዕቃዬን በዓይኔ ስጠቀልል ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ተመልሰው አስጠሩኝ። ኳሷ እንዴት ነበረች አልኩ። ከመሬት አልተነሳችም፣ እንደ አይጥ ሣር ለሣር ሮጠች አሉ። የባለሥልጣኑም አልተነሳችም፤ እሱ እንኳ ደህና ዱላ ይዞ። ግን ኳስ የሚያይ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ዱላ ነው። ባለሥልጣኑ የጋሼን ዱላ ተቀብሎ ከረባቱን አስተካከለበት። ከዚያም የራሱን ቦርሳ «እንደዚህ ይደረግልኝ» ብሎ መኪናቸው ላይ ጫነ። ሌሎች አራት ሰዎችም ተከተሉት። ማን ሠራው አሉኝ ጋሼ፤ የኸይሩን ስምና ቦታ በደስታ ነገርኳቸው። እፎይ ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጋሼ ይማም ትከሻዬን አቅፈው አስቀመጡኝ። ከኸይሩ ጋር በሽርክና ሊሠሩ ተስማምተዋል። ኸይሩ የጠየቀው ከመንገድ ገባ ያለ፣ ውሃ ቅርብ የሆነ ሥፍራ ነው።

«ያንተ ሁለት ክፍል ተስማምቶታል» አሉ። «በዚህ ወር መጨረሻ ብትለቅልኝ። ይህን ሥራ ያመጣህልኝ አንተ ነህ፤ ውለታህን ስለማልረሳ ነው ከማንም በፊት ላንተ የነገርኩህ።»

ሙያዬ ነውና አጣራሁ። ኸይሩ ክፍሎቹን የለካው ረቡዕ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ጎረቤቶቼ ሐሙስ ሰምተዋል። ዓርብ ዕለት ወሬው እህል በረንዳ ደርሶ፣ ሦስት ተሸካሚዎች ዕቃዬን ለማጓጓዝ እርስ በርስ ተራ ይዘዋል። በሃያ ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ የዚህን ያህል የተቀደምኩበት ዜና የለም።